ባንድ ለማሳደግ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው?

ወንድሜ፣ «ባሕር ዳር ሆነን የራሳችንን ዘፈን እንጫወታለን፤ ለማደግ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው ወይ?» ብለሃል። እኔ ብሆን አልቸኩልም። እዚያ የቤት ኪራዩ ብቻውን ባንድ ያፈርሳል (አይቻለሁ)። ጣና ዳር ቅዳሜና እሁድ ሰው አይጠፋም፤ አንዱን ላውንጅ ለምናችሁ በሳምንት አንድ ማታ ያዙ። የሰው ዘፈን መጫወታችሁ አይቀርም፣ ባለቤቱ ይጠይቃል። መሃል ላይ የራሳችሁን ጣል አድርጉ።

ደግሞ አዝማሪ ቤት ግቡ። የጎጃም አዝማሪ አንድ ጭራ ባላት ማሲንቆ አራቱን የሀገር ቅኝቶች፣ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺሆዬውን ሲያወጣ፣ ቤቱን እንዴት እንደሚይዘው እዩ። ጃኖ ባንድም ሮክን ከሀገር ቅኝት ጋር አዋህዶ ነው የታወቀው። ቀረጻ ላይ ግን አትሰስቱ። በስልክ የተቀዳ ድራም ቆርቆሮ ነው የሚመስለው።