ክርኑ ድኗል፤ እኔን ያሳሰበኝ ጆሮው ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ጎረቤቴ ጋ አቆየዋለሁ። እሷም የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ አብረው ይጫወታሉ። ባለፈው ሳምንት በመጫወቻ ተጣሉና የኔው ልጅ የእሷን ገፍትሮ ጣለው። ልወስደው በር ላይ ደርሼ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። የልጄን ግራ እጅ ይዛ አንጠልጥላ አነሳችው። ከዚያ ሁለት ትከሻውን ይዛ «ለምን? ለምን?» እያለች ነቀነቀችው። ሮጬ ነጠቅኳት። ማታ እጁን አላንቀሳቅስም ሲል ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ክርኑ ወለቅ ብሏል ብሎ በአንድ አፍታ መለሰለት፤ እጁ አሁን ደህና ነው። ግን ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል። ሽንቱን መናገር ጀምሮ ነበር፤ አሁን ልብሱ ላይ ይሸናል። የእሷን ድምፅ ሲሰማ ጉያዬ ውስጥ ይሸጎጣል። ከወር በፊትም እሷ ጋ ውሎ ሲመጣ ጆሮው በልዞ ነበር፤ ወድቆ ነው ስትለኝ አምኜ ተውኩት። አሁን ደግሞ «እጁን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ራሱ ተወራጭቶ ነው» ትላለች። ባለቤቴ ካልደበደብኩ ብሎ ሊሄድ ሲል ነው የያዝኩት። እናቴ በበኩሏ «ጎረቤት ነው፣ እጁም ድኗል፣ እለፉት» ትለናለች። ክርኑ ወደፊት ችግር ያመጣበት ይሆን? ሐኪሙ እሷ ናት ያደረገችው ብሎ ቢጽፍልኝስ? እሷን ምን ልበላት? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ክርኑ ነው። ስለ ክርኑ ብዙም አልሰጋም። ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ሌላው እንሂድ።

የክርን መውለቅ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ከክንዳቸው አጥንቶች የአንደኛው ጫፍ በቀለበት መሰል ጅማት ታቅፎ ነው የሚቀመጠው። ጅማቱ በዚህ ዕድሜ ገና ልል ነው። እጃቸው ተዘርግቶ ሳለ ድንገት ሲሳብ አጥንቱ ከቀለበቱ ሾለክ ይላል። ልጁ እጁን ትንሽ አጥፎ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ሰውነቱ ላይ ለጥፎ ይይዘዋል። ካልነኩት ላያለቅስም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አያብጥም። ሙያው ያለው ሰው ሲመልሰው ጠቅ ይላል፤ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ልጁ በዚያው እጁ መጫወቻ ያነሳል።

ለወደፊት የሚተወው ችግር የለም። ተመልሶ ሊወልቅ ግን ይችላል፣ በተለይ በሚቀጥሉት ሳምንታት። አምስት ዓመት አካባቢ ሲደርስ ጅማቱ ስለሚጠነክር ነገሩ እየቀረ ይሄዳል። እስከዚያ ማንም ሰው፣ አባቱም ቢሆን፣ በእጁ አንጠልጥሎ አያንሳው። ከብብቱ ሥር ይያዝ። ልብስ ሲያወልቁለትም እጅጌውን አይጎትቱ። እንደገና ከወለቀ ቤት ውስጥ አይታሽ፤ ሐኪም ይመልሰው። ካበጠ ወይም ወድቆ ከሆነ ስብራት ሊኖር ስለሚችል በራጅ ይታያል።

እዚህ ላይ ለጎረቤትዎ አንድ ነገር ልመስክርላቸው። «ራሱ ተወራጭቶ ነው» ማለታቸው ስለ ክርኑ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ክርን ለመውለቅ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። ልጁን ደረጃ ለማስወጣት ሳብ ያደረገ አባት ይዞት ይመጣል። «አልሄድም» ብሎ መሬት ላይ የተዘረጋ ልጇን እጅ ያልለቀቀች እናትም ይዛው ትመጣለች። ሁለት እጁን ይዞ ማሽከርከርም ያወልቀዋል፤ ያውም እየሳቀ። ስለዚህ የወለቀው ክርን የሚነግረን እጁ መሳቡን ነው። በቁጣ ይሁን በችኮላ አይነግረንም። መጣላታችሁ ካልቀረ በክርኑ አትጣሉ።

መነቅነቁ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ ነው፤ የአንገቱ ጡንቻ ደግሞ ደካማ። ሲነቀነቅ አንጎሉ ራስ ቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላጋል። አንጎሉ ዙሪያ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ከዓይኑ ጀርባም ደም ሊፈስ ይችላል። ጆን ካፊ የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ራጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ስለዚህ አደጋ ጽፈው አስጠንቅቀዋል። ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው ከውጭ አንድም ጭረት ላይታይ መቻሉ ነው። የሚከፋው ከአንድ ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትንም አይምርም።

የእርስዎ ልጅ ሳምንት አልፎታል። እንደ ወትሮው የሚበላ፣ የሚሮጥ፣ የሚጫወት ከሆነ አንጎሉ ተጎድቷል ብዬ አልገምትም። ከባድ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ያሳያል። ከዚህ በኋላም ቢሆን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከተዛባ ለነገ ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሐኪሙ ክርኑን ሲመልስለት መነቅነቁን ነግረውት ይሆን? ደብዳቤዎ ላይ አላየሁትም። ሰው ደንግጦ ሲመጣ የሚታየው የማይንቀሳቀሰው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ይረሳል። አሁንም አልረፈደም፣ ይንገሩት።

ወደ ጆሮው እንምጣ። እርስዎ በአንድ መስመር አልፈውታል። እኔ ግን ደብዳቤውን ሳነብ ቆም ያልኩት እዚያ ላይ ነው።

መራመድ የጀመረ ልጅ ሁሌም የሆነ ቦታ ይበልዛል። ግንባሩ፣ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ አገጩ። ሲወድቅ መሬት የሚነካው ወጣ ያለው አጥንት ነውና እነዚህ አያስደነግጡኝም። ጆሮ እንደዚያ አይደለም። ልጅ ወደ ጎን ሲወድቅ ትከሻውና የራስ ቅሉ ጆሮውን ይከልሉታል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጆሮው፣ አንገቱ ወይም ደረቱና ጀርባው በልዞ ሲመጣ ሐኪም «እንዴት ሆነ?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። መቆንጠጥ ወይም ጥፊ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ አንድ የበለዘ ጆሮ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። ሆኖም በወሩ ያው ሰው ያንኑ ልጅ ሲነቀንቅ በዓይንዎ አይተዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ ዝም አልልም።

እና ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ልጁን እሳቸው ጋ ማቆየት ዛሬውኑ ይቁም። ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን። ይህ ጠብ አይደለም፣ ማንንም ማስፈቀድም አያስፈልገውም። ሌላ ሰው ማግኘት እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ብዙ እናት ያየችውን እንዳላየች የምታልፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ አንድ ጊዜ ይመለሱ። ልጁ ልብሱን አውልቆ ከራስ እስከ እግር ይታይ፦ ከጆሮው ጀርባ፣ አፉ ውስጥ፣ ጀርባው፣ መቀመጫው። የጆሮው ታምቡርም ይታይ፤ ጥፊ ይቀደዋል። የጆሮውን ነገር ከነቀኑ ይናገሩ። የዚያን ጊዜ ያነሱት ፎቶ ካለ ይዘው ይሂዱ፤ ጆሮው እንዲታይ ተብሎ ያልተነሳ ቢሆንም ይጠቅማል። የበለዘን ቦታ ቀለም አይቶ «ይሄ የዚህን ያህል ቀን ነው» ማለት አስተማማኝ ስላልሆነ ቀኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ያዩትንና የሰሙትን ሳይውል ሳያድር ወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ሐኪሙ «እሷ ናት» ብሎ አይጽፍልዎትም። ሊጽፍም አይገባውም፣ አላየማ። የሚጽፈው ያየውን ጉዳትና እርስዎ የነገሩትን ነው፤ ጉዳቱ ከተነገረው ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውንም ይጨምራል። ከበቂ በላይ ነው። ጥቃት ከጠረጠረ ደግሞ በብዙ አገሮች ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ ሲሆን ሐኪሙ ከዳኝ አይበሉ።

አሁን ጎረቤትዎን ስለማነጋገር። ባለቤትዎ እንደዚያ ሆነው እንዲሄዱ አልመክርም። ሰው ደጅ ሄዶ መደባደብ ተበዳዩን በዳይ ያደርጋል። ልጁም እንደገና ጩኸት ይሰማል፤ ያውም ከአባቱ። ቁጣቸው ግን ተገቢ ነው፤ «ለምን ተቆጣህ» አይበሏቸው። ሄደው እርስዎ ይናገሩ፣ ከፈለጉ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው አብሮ ይኑር። ልጆቹ አይኑሩ። ደረጃ ላይም፣ በሰው ፊትም አይሁን። አጭር ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ልጄ ልጅሽን መግፋቱ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ በእጁ ስታነሺው ክርኑ ወልቆ ሐኪም ነው የመለሰው። ስትነቀንቂውም አይቻለሁ። ከእንግዲህ ልጄ ቢያጠፋ እኔን ጥሪኝ እንጂ እጅሽን እንዳታሳርፊበት።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «አንቺ ጨካኝ ነሽ» ካሉ ክርክሩ ስለ ጠባያቸው ይሆንና ነቅነቃው ይረሳል። የጆሮውን ነገር እዚያ አያንሱት። ያላዩትን ነገር ካነሱ በእሱ ይዘዎት ይሄዳሉ። የጆሮው ነገር ለሐኪሙ ነው።

ይቅርታ ቢጠይቁ ይቀበሉ። ይቅርታ መቀበል ግን ልጁን መልሶ እዚያ ማዋል ማለት አይደለም። እናትዎ «እለፉት» ያሉት ለጉርብትናው ብለው ነው፣ ልክ ናቸው፤ ሰላምታውን መቀጠል ይቻላል። ሰላም ማለትና ልጅ አደራ መስጠት ለየቅል ናቸው።

የልጅዎ መግፋት ደግሞ አያስጨንቅዎት። መግፋት፣ መንከስና መንጠቅ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው የሚበረታው። ቃል ስለሚያጥረው በእጁ ይናገራል። እጁን ያዝ አድርገው «አይገፋም፣ ያመዋል» ይበሉትና ዞር ያድርጉት። በቃ።

ሌሊት መባነኑ፣ ልብሱ ላይ መሽናቱ፣ ጉያዎ መሸጎጡ የፍርሃት ናቸው። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ የሚጠበቁ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ሽንቱን አይቆጡት፣ አያሳፍሩትም፤ ይቀይሩለትና ይለፉ። ማታ ማታ የሚተኛበት ሰዓትና ሁኔታ አይለዋወጥ። ጎረቤትዎን መንገድ ላይ ስታገኟቸው «ሰላም በላት፣ ሳማት» ብለው አያስገድዱት፤ ይህን ብዙ ሰው ለይሉኝታ ሲል ያደርገዋል። ሲፈራ ያቅፉትና «ፈራህ፣ እኔ አለሁ» ይበሉት። «መታችህ አይደል? ጆሮህን ይዛህ ነበር?» እያሉ አይመርምሩት። የሁለት ዓመት ልጅ ለእናቱ ደስ የሚላትን መልስ ይሰጣል፤ በኋላ ማንም ሲጠይቀው የሚሰማው የእርስዎን ቃል ይሆናል። ራሱ ካነሳ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይበሉትና ያዳምጡት። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም መናገርና መጫወት እየተወ ከሄደ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው።

አንድ የቀረ አለ፤ የጎረቤትዎ የሦስት ዓመት ልጅ። የሰው ልጅ በሰው ፊት የነቀነቀ እጅ በር ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ክፉ ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከ10ሩ 6ቱ ገደማ ቤታቸው ውስጥ አካላዊ ቅጣት ወይም ሥነ ልቦናዊ ጥቃት አዘውትሮ ይደርስባቸዋል፤ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ማሳደግን ከቤቱ ነው የተማረው። ብቻቸውን ሁለት ልጅ ሲጠብቁ ውለው የዛሉም ሊሆኑ ይችላሉ። በንግግሩ መሃል «ደክሞኛል፣ አልቻልኩም» የሚል ነገር ከሰሙ አያጣጥሉት፤ ሐኪም ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እንዲያናግሩ ያበረታቷቸው። የልጃቸው ጆሮ፣ አንገት ወይም ጀርባ በልዞ ካዩ፣ ወይም ልጁ ሲመታ ከሰሙ ግን እርስዎ አይጋፈጡ። ለሕፃናት ጥበቃ ወይም ለፖሊስ ይደውሉ። ያዩትን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይናገሩ። ማጣራቱ የእነሱ ሥራ ነው፤ እርግጠኛ እስኪሆኑ መጠበቅ የለብዎትም።