በአነፍናፊ ውሻ ለመሥራት ለምታስቡ የመንዝና የተጉለት ልጆች

ልጆቼ፣ የእንስሳት ሕክምና ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ተምራችሁ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ መሐል ሜዳ የተመለሳችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቀይ ቀበሮን በዓይነ ምድሩ ሽታ፣ በአነፍናፊ ውሻ ስለ መከታተል ጠይቃችሁኛል። የሥራ ዘመኔን ከውሻ ጋር ስላሳለፍኩ፣ ጥያቄያችሁን ሳልመልስ መቅረት አልፈልግም።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ የትኛው ዝርያ የተሻለ እንደሚያሸት ነው። አብዛኛው ጤነኛ ውሻ ለዚህ ሥራ የሚበቃ አፍንጫ አለው። የሚለያዩት በፍላጎት ነው። እኔ ውሻ ስመርጥ ኳስ ረጅም ሣር ውስጥ እወረውርና ውሻውን ጥቂት አቆይቼ እለቀዋለሁ። አብዛኛው ትንሽ ፈልጎ ይሰለቸዋል፤ ወይ ሌላ ነገር ያዘናጋዋል። የምወስደው ሣሩን እያረሰ፣ ጅራቱ ሳያርፍ፣ ስሙን ስጠራው እንኳ ጆሮ ሳይሰጠኝ የሚፈልገውን ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ለቤት አይመችም፤ ጫማ ያኝካል፣ አጥር ይዘላል። በውጭ አገር ባለቤቶቻቸው አቅቷቸው መጠለያ ካስገቧቸው ውሾች ብዙዎቹ ለጥበቃ ሥራ የሚመረጡት ለዚሁ ነው።

ለእኛ አገር ሌላ ፈተና ይጨመርበታል፤ በግ። ውሻውን አስራችሁ መንጋ ባለበት አሳልፉት። ኳሱን ሲያይ በጉን የሚረሳ ከሆነ ያዙት። በግ ሲሮጥ ዐይኑ አብሮ የሚሮጥ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይቅርባችሁ። የመንዝ ገበሬ ኑሮው በጉ ነው፤ አንድ ጠቦት ከተነከሰ ከዚያ ወዲያ ማንም ደጁ አያስደርሳችሁም። ሪቻርድ ሄንሪ የሚባል ጠባቂ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ኒው ዚላንድ ውስጥ ካካፖ የተባለውን መብረር የማይችል ወፍ በውሻ እየፈለገ ወደ ደሴት ሲያሻግር፣ የውሻውን አፍ ሸብቦ ነበር። ያን ጊዜም ጥንቃቄው ይኸው ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ዋና ጠላቱ ደግሞ የውሻ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ የቀበሮ መንጋዎችን ፈጅቷል፤ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገባባቸው። ቀበሮው የሚኖርበት የመንዝ የጓሳ መሬት የተጠበቀው አባቶቻችን በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ለአጨዳ እየከፈቱ ስላቆዩት ነው። እዚያ ምድር ላይ ያልተከተበ ውሻ ይዞ መግባት ልትጠብቁት የሄዳችሁትን መግደል ነው። የእብድ ውሻ፣ የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባት ተሟልቶ፣ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ የውሻው ዓይነ ምድር በፌስታል ተለቅሞ ይመለሳል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚደራደር ሰው ውሻ ባይዝ እመርጣለሁ።

ሽታ ማስተማሩ ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ከተደረደሩ ጣሳዎች በአንዱ የቀይ ቀበሮ ዓይነ ምድር ይደረጋል፤ በሌሎቹ የአነር፣ የጅብ፣ የመንደር ውሻ። ውሻው ትክክለኛው ላይ አፍንጫውን ሲያሳርፍ ኳሱ በዚያው ቅጽበት ይመጣለታል፤ ውሎ አድሮ ቁጭ ብሎ ማመልከት ይለምዳል። ናሙናው ከብዙ ቀበሮዎች የተሰበሰበ፣ ትኩስም የከረመም ይሁን። ሁሉንም ጣሳ በጓንት ያዙ፤ አለዚያ ውሻው የሚማረው የእጃችሁን ሽታ ነው።

የሚያስቸግረው ገመዱን የያዘው ሰው ነው። ከሠልጣኞቼ አንዱ ውሻው ከሦስተኛው ጣሳ አራተኛው ላይ ሲደርስ የራሱ እርምጃ ይዘገያል፤ ገመዱ በትንሹ ይጠብቃል፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ውሻው ቀና ብሎ ፊቱን ያየዋል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል። ናሙናው አራተኛው ውስጥ መኖሩን ልጁ ያውቅ ነበር፤ ውሻው ያነበበው ልጁን ነው። ጣሳዎቹን እሱ ሳያይ ብንቀያይራቸውም ውሻው አራተኛው ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ምንም ሽታ በሌለበት ቦታ «አለ» ተብሎ የተነገራቸው ያዦች ውሾቻቸው ደጋግመው እንዳመለከቱ መዝግበዋል። ስለዚህ ናሙናውን የሚደብቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ ደብቆም ከአካባቢው ይራቅ። ምንም ያልተደበቀባቸው ዙሮችም ይኑሩ። ባዶ ዙር ያልለመደ ውሻ ኳስ ሲያምረው መዋሸት ይጀምራል፤ ያስተማረውም ጌታው ነው።

ጓሳ ላይ ስትወጡ ከ3,200 ሜትር በላይ ናችሁ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ከቆላው ሽቅብ ይነሣል፤ ሲመሽ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽታውም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ ነፋሱ ፊታችሁን እንዲመታችሁ አድርጋችሁ ሂዱ። ውሻው ማለክለክ ሲጀምር አሳርፉት፤ በአፉ የሚተነፍስ ውሻ በደንብ አያሸትም። ቀበሮው ጥቂት ስለሆነ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድም ሳታገኙ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ተስፋ እንዳይቆርጥ ባልደረባችሁ እናንተ በማታውቁት ቦታ አንድ ናሙና አስቀድሞ ያኑርለት፤ ያንን ግን በመዝገቡ ከእውነተኛው ግኝት ጋር እንዳትቀላቅሉት።

ምንም ያልተገኘበት ቀን ላይ አለቃም ለጋሽም ይጠይቃችኋል። ውሻው የአነር ዓይነ ምድር ላይ ቢያመነታ «ተቀመጠ» ለማለት እጃችሁ የሚቸኩለው ያን ቀን ነው። የቀበሮውን ቁጥር የሚገምተው ባለሙያ ያልተገኘበትንም ቦታ ያን ያህል ይፈልገዋል። የሄዳችሁበትን መንገድ፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ሙሉ፤ በውጤቱ ረድፍ ላይ «አልተገኘም» ብላችሁ ፈርሙ።