ለመጀመሪያ ጊዜ ጣና ላይ በጀልባ ዓሣ ልታጠምዱ ለምትወጡ

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የሚደውሉልኝ ልጆች በዝተዋል። ትምህርት ጨርሳችኋል። ሥራ ፍለጋ ሰልችቷችኋል። አሁን ተደራጅታችሁ ጀልባ ልትከራዩ ነው። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዓሣ ሀብት ሙያ ነውና ስትደውሉ ሰምቼ አልጠግብም። ብቻ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ መረብ የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚሸጥ ነው። ስንት ሰዓት ላይ መመለስ እንዳለበት የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን የምጀምረው ከእሱ ነው።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን የስፋቱን ያህል አይደለም። በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ስነግራቸው “ታዲያ ምኑ ያስፈራል?” የሚሉኝ አሉ። የሚያስፈራው እሱ ራሱ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ይቀራረባል፤ ፊቱም ቀጥ ይላል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይደርስባታል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትወጡ ውሃው ዝም ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል፤ ያ ጠዋት ያያችሁት ሐይቅ ሌላ ይሆናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁን ማታ ቤት ሳላችሁ ቁረጡ። ለመጀመሪያ ጉዞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ባያልፍ እመርጣለሁ። ዓሣው ገና መግባት የጀመረ ቢመስላችሁም ተመለሱ። ውሃው ላይ ሆኖ የሚወሰን ሰዓት ሁልጊዜ “ትንሽ እንቆይ” ነው የሚሆነው። ወራቱንም ምረጡ። የመጀመሪያ ጉዞ በክረምት አይሁን። ዝናቡ ከመብረቅ ጋር ነው የሚመጣው፤ ሜዳ ውሃ ላይ ደግሞ ከሁሉ ከፍ ብላችሁ የምትታዩት እናንተ ናችሁ።

ላይፍ ጃኬት ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው ይዞት ይወጣል፤ ግን ይቀመጥበታል። ጀልባ ሲገለበጥ መልበሻ ጊዜ የለም። ከዳር ሳትነሱ ልበሱት፤ ቀበቶውን ሁሉ አጥብቁ። ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ውስጥ አይይዛችሁም። ዋና የሚችለውም ይልበስ። ከተገለበጣችሁ ጀልባዋን አትልቀቁ፤ ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ዋኝቼ እደርሳለሁ አትበሉ። ጀልባ ከሩቅ ይታያል፣ የሰው ጭንቅላት ግን አይታይም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሞተሩን በዋዜማው አስነሱት። ትርፍ ካንዴላና መፍቻ ያዙ። ቤንዚኑን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ላልታሰበ ነገር። መቅዘፊያ ባለሞተርም ይዛችሁ ውጡ። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ለውሃ መቅጃ አይለያችሁ። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ያዙ። ዳር ላይ ለሚቀር አንድ ሰው ወዴት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት፤ ብትዘገዩ ማን ጋ እንደሚደውልም ይወቅ። ቦት ጫማም አትርሱ። ጀልባ ስትገፉ የምትቆሙበት የዳር ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት።

ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ለዓሣ ሥራ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ይህን ሐይቅ ለትውልዶች ሲያጠምዱበት ኖረዋል። ከእነዚህ አባቶች አንዱን ለምናችሁ ይዛችሁ ብትወጡ ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። የትኛው ደመና እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚመጣ አይተው ይነግሯችኋል። “እንመለስ” ካሉ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ።

ደንገሉ ዳር ግን በማለዳ አትጠጉ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይበረታል። ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ መጀመሪያ አጥፉት፣ ከዚያ ከውሃው አውጡትና አጽዱት። እየዞረ እጃችሁን እንዳትሰዱ።

መረቡ ሲወጣ ቸኩላችሁ አትቁሙ፤ ጀልባ የሚገለበጠው ሁሉም በአንድ ጎን ሲያጎነብስ ነው። አንዱ ይሳብ፣ ሌላው በተቃራኒው ይቀመጥ። አምባዛ ከያዛችሁ ከጎን ክንፎቹ ሥር ያለውን እሾህ ተጠንቀቁ፤ እጅ ይበሳል። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ከወጣም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይንፈራገጣል፤ ሞቷል ብላችሁ አትዘናጉ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ስታወጡ ከአፏ ቢጫ እንቁላል ወይም ጥቃቅን ጫጩት ሲፈስ ልታዩ ትችላላችሁ። እናቲቱ ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። ቦታው የመራቢያ ቦታ ነው ማለት ነውና መረባችሁን ወደ ሌላ አዛውሩ።

አሁን ወደ መረብ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ሞኖፊላመንት የሚባለውን ቀጭን መረብ በርካሽ ቢያመጡላችሁ አትግዙ። ቶሎ ይበጠሳል፤ የተበጠሰውም ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓሣ መግደሉን አያቆምም። ዓይኑ የጠበበ መረብም ይቅርባችሁ፤ ገና ያልወለደውን ጠርጎ ያወጣል። በየትኛው ወር የት መረብ እንደማይጣልም እወቁ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እስከ መስከረም፣ ጥቅምት ድረስ ባርበስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ታጭቀው ስለሚገኙ እዚያ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያነሳል። የሚያነሳው ግን እንቁላሏን ያልጣለችውን ነው። አብዛኞቹ የባርበስ ዝርያዎች ከጣና ሌላ የትም አይገኙም፤ ከእኔ የወጣትነት ዘመን ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ በጣም ሳስተዋል። በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ። ጀልባችሁን ዳር አውጥታችሁ መረብ ጠግኑ፣ ሞተሩንም አስፈትሹ።