ስለ አሊያኒኮ ቀይ ወይን ጠጅ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ አሊያኒኮ የሚበቅለው የት ነው? ታውራሲ የሚል ጽሑፍ ባለበት ጠርሙስ ላይ የአሊያኒኮን ስም ያላየሁትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ ጥቁር ወይን በዋናነት የሚበቅለው በደቡብ ጣሊያን፣ በካምፓኒያና በባዚሊካታ ክልሎች ነው። ታውራሲ በካምፓኒያ፣ በአቬሊኖ አውራጃ የሚገኝ ከተማ ሲሆን፣ ወይን ጠጁ የሚጠራው በቦታው ስም ነው፤ ሆኖም ቢያንስ 85 በመቶው አሊያኒኮ መሆን አለበት። በባዚሊካታ ግን እሳተ ገሞራው ከጠፋ ዘመናት ባስቆጠረው በቩልቱሬ ተራራ ዙሪያ የሚጠመቀው «አሊያኒኮ ዴል ቩልቱሬ» ተብሎ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ደቡቡ ሞቃት ሆኖ ሳለ ይህ ወይን ጠጅ ኮምጣጣነቱን እንዴት ሊጠብቅ ቻለ?

መልስ፦ የወይን እርሻዎቹ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዝርያውም ዘግይቶ የሚበስል ነው። በፑሊያ ክልል የሚበቅለው ፕሪሚቲቮ የተባለው የወይን ዝርያ ገና በበጋው መጨረሻ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ አሊያኒኮ ግን ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ድረስ ግንዱ ላይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ገና ለጋ የሆነ ታውራሲ ከፍቼ ስጠጣ ድዴንና ምላሴን አደረቀኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ያደረቀዎት ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን ነው፤ ከመጠን በላይ የፈላ ሻይ በአፍ ውስጥ የሚተወው ዓይነት ስሜት አለው። ሕጉ ራሱ ታውራሲ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይና ከዚህም ውስጥ አንዱን ዓመት በእንጨት በርሜል እንዲያሳልፍ ያስገድዳል፤ «ሪዜርቫ» የተባለው ደግሞ 4 ዓመት ይጠብቃል። እኔ ግን ይህም አነስተኛ ነው እላለሁ፤ ጥሩ ታውራሲ ከ8 ወይም ከ10 ዓመት በፊት ባይከፈት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የጥቁር ቼሪውና የፕለሙ ጣዕም ወደ ቆዳ፣ ወደ ትምባሆና ወደ ደረቅ ፍራፍሬ መዓዛ የሚሸጋገረው፣ ታኒኑም የሚለሰልሰው በዚያን ጊዜ ነው። መታገሥ ካልቻሉ ከመጠጣትዎ 2 ሰዓት አስቀድመው አፈ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገልብጡትና ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ያቅርቡት።

ጥያቄ፦ ከምን ምግብ ጋር ይስማማል?

መልስ፦ ስብ ካለው ሥጋ ጋር። ታኒን ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው አፋችን የሚደርቀው፤ ሥጋና አይብ ሲኖሩ ግን ታኒኑ ወደ እነርሱ ስለሚያዘነብል ወይን ጠጁ ይለዝባል፣ ኮምጣጣነቱም የስቡን ክብደት ያቃልላል። ስለዚህ በምድጃ የተጠበሰ የበግ ሥጋ፣ ለረጅም ሰዓት በቲማቲም የበሰለ የአሳማ ጎድን፣ የቆየ ፔኮሪኖ አይብ ተስማሚ ናቸው። ከሁሉ የማስቀድመው ከፖዶሊካ ላሞች ወተት የሚሠራውን ካቾካቫሎ አይብ ነው፤ ላሞቹ የሚሰማሩት እዚያው ደቡብ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ አይቡ ሲቆይ የሚያመጣው ጠንካራ ጣዕም በዚህ ወይን ጠጅ አይሸነፍም። ዓሣ ግን አይሆንም፤ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል።

ጥያቄ፦ ከዶሮ ወጥ ጋርስ?

መልስ፦ አልመክርም። በርበሬው ያቃጠለውን አፍ አልኮሉና ታኒኑ ይበልጥ ያቃጥሉታል። ስብ ያለው፣ ሚጥሚጣ ያልበዛበት የበግ ጥብስ ግን በደንብ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በታውራሲ አይጀምሩ። ለጥቂት ዓመታት የቆየ አሊያኒኮ ዴል ቩልቱሬ ገዝተው፣ መጀመሪያ ብቻውን፣ ከዚያም ከጥብሱ ጋር ይቅመሱት።