ስለ ጉድጓድ የፓምፕ ሙከራ የጠየቃችሁኝ፣ ከጎጃም ጉድጓዶች ጋር

ባለፈው ሳምንት «ስለ ፓምፕ ሙከራ የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ» ብዬ ነበር። ጎጃም ውስጥ ጄኔሬተር ሲጮህ ዲፕ ሜትር (የውሃውን ጥልቀት መለኪያ ገመድ) ይዤ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ከዚያው ያየሁትን ልመልስ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ቁፋሮው እንዳለቀ በኮምፕሬሰር ሲተፋ አይተን «በሴኮንድ 8 ሊትር ይሰጣል» ተባልን። ከዚያ በኋላ 24 ሰዓት መሞከር ነዳጅ ማቃጠል አይደለም?

አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ጉድጓዱን ያጥባል፣ ውሃ መኖሩንም ያሳያል፤ ከዚያ አያልፍም። እናንተ ማወቅ የምትፈልጉት ፍሰቱን ሳትቀያይሩ ስትስቡ ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወርድና መውረዱን ያቆም እንደሆነ ነው። ለአንድ ሰዓት 8 ሊትር የሰጠ ጉድጓድ በማግስቱ 3 ሊትር ሲያቅተው አይቻለሁ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ ነኝ፦ ከመዝገቡ ላይ ትራንስሚሲቪቲ እንዴት ይወጣል? ቀመሩን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም።

ትራንስሚሲቪቲ ማለት ውሃ አዘሉ ድንጋይ በሙሉ ውፍረቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ነው። ታይስ በ1935 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ጣለ፤ ኩፐርና ጃኮብ በ1946 በአንድ ማስመሪያ የሚሠራ አደረጉት። ሴሚሎግ ወረቀት (በአንድ በኩል 1፣ 10፣ 100 በእኩል ርቀት የተቀመጡበት) ላይ ደቂቃውን በሎግ በኩል፣ የወረደውን ሜትር በሌላው በኩል ታስቀምጫለሽ። ነጥቦቹ ቀጥ ሲሉ መስመር ታሰምሪና ከ10ኛው እስከ 100ኛው ደቂቃ ስንት ሜትር እንደወረደ ታነቢያለሽ። ፍሰቱ በሴኮንድ 5 ሊትር ይሁን፤ በቀን 432 ሜትር ኩብ ነው። ልዩነቱ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ የቀመሩ ቋሚ ቁጥር 0.183 በ432 ተባዝቶ ለ2.4 ሲካፈል 33 ካሬ ሜትር በቀን ይሆናል። መስመሩ ለጥ ካለ ድንጋዩ ውሃ በደንብ ያሳልፋል፣ ቁልቁል ከወረደ ይቆነጥራል።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ግን አትመኚ። በእነሱ ጊዜ የምትስቢው በኬዚንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ በገባው ቱቦ) ውስጥ የቆመውን ውሃ ነው። ብዙ ተማሪ መስመሩን እዚያ ላይ አስምሮ ይሳሳታል።

ያው ተማሪ፦ የክምችት መጠኑንስ (ስቶሬቲቪቲ)?

ይህ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ድንጋዩ ከአንድ ካሬ ሜትር ስፋት የሚለቀው የውሃ መጠን ነው። ከሚሳበው ጉድጓድ ብቻ የምታወጪውን አልቀበልም፤ እዚያ የሚወርደው ውሃ የጉድጓዱን የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ሌላ መመልከቻ ጉድጓድ ያስፈልግሻል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ አለ እንበል፤ መስመሩን ወደ ኋላ ስትስቢው ዜሮን በ4ኛው ደቂቃ ቢቆርጥ፣ ቋሚ ቁጥሩን 2.25 በ33 እና በ4 ደቂቃ (ወደ ቀን ተቀይሮ) አባዝተሽ ለ900 (30 በ30) ስታካፍዪ 0.00023 ገደማ ይመጣል። ይህ ከላይ የታፈነ ውሃ ነው። ላዩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ከመቶ አንድ እጅና ከዚያ በላይ ትጠብቂ ነበር።

ከቢቸና፦ መስመሩ እስከ 300 ደቂቃ ቀጥ ብሎ ሄዶ ድንገት ቁልቁል ታጠፈብን። ቁልቁለቱ እጥፍ ሆነ። መሣሪያው ነው?

ፍሰቱን በበርሜል ደግመህ ለካ። ፍሰቱ ካልተለወጠ መሣሪያው አይደለም፤ መሳቡ ውሃ አዘሉ የሚያበቃበት ወሰን ላይ ደርሷል። የኛ ባዛልት አንዱ ንጣፍ እንደ እንጀራ ዓይናማ፣ ሌላው ድፍን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በመካከል ቀይ ሸክላ ይገባል፣ አንዳንዴ ዳይክ (እንደ ግድግዳ የቆመ ድፍን ድንጋይ) ወይም ስንጥቅ ያቋርጠዋል። ፓምፕ ስትመርጥ ከታጠፈ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ተጠቀም።

ከመራዊ፦ የኛ መስመር ደግሞ ለጥ አለ፤ መውረዱን አቆመ። ደስ ይበለን?

ቆዩ። አንድ ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የሚወጣውን ውሃ ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ላይ ወደ ቦይ ስንለቅ አድረን፣ መስመሩ ለጥ ሲል «ወንዝ አገኘን» ብለን ፈረምን። ያፈሰስነው ውሃ በስንጥቁ ተመልሶ ሲገባ ኖሯል! ሚያዝያ ላይ ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። ለሕዝቡ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም። ውሃውን በቱቦ አርቃችሁ፣ ቁልቁል በሆነ በኩል ልቀቁ። ከዚያ በኋላም ለጥ ካለ ወንዝ ወይም የላይኛው ንጣፍ እያካፈለው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደስ ይበላችሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጄኔሬተራችን እየተነሣ እየወደቀ ፍሰቱ አንዴ 4 አንዴ 6 ሊትር ነበር። መዝገቡን እንጣለው?

የመሳቡን ክፍል እንደ ቁምነገር አትያዙት። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው ሲመለስ መዝግባችኋል? አብዛኛው ሰው ፓምፑ እንደቆመ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ያን ሰዓት ነው። ጄኔሬተር የለ፣ ጩኸት የለ፣ የፍሰት መዋዠቅ የለ። ከመነሻው ጀምሮ ያለውን ደቂቃ፣ ከቆመ ወዲህ ላለው ደቂቃ አካፍላችሁ በሎግ በኩል አድርጉት፤ በሌላው በኩል ገና ያልተመለሰውን ሜትር። ትራንስሚሲቪቲው በዚያው በ0.183 ቀመር ይወጣል፤ ፍሰቱን በአማካይ ያዙ። ረጅም ሰዓት ጠብቃችሁም ውሃው ከመነሻው ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ውሃ አዘሉ ጠባብ መሆኑን ጠርጥሩ።

ከቡሬ፦ ስቴፕ ቴስትስ (ፍሰቱን ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ መሞከር) ምን ይጨምራል?

ጉድጓዱ ራሱ የሚያባክነውን ይለያል። በሴኮንድ በ2፣ በ4፣ በ6 ሊትር ስባችሁ 4፣ 10፣ 18 ሜትር ቢወርድ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር 2፣ 2.5፣ 3 ሜትር ከፈላችሁ ማለት ነው። አስሉት፤ በ6 ሊትር ላይ ከ18ቱ ሜትር ግማሹ የጉድጓዱ ብክነት ነው። ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳማ ቱቦ) ተደፍኖ ወይም በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል። ፓምፕ ከማሳደጋችሁ በፊት እጠቡት።

ከዳንግላ፦ ልጄ፣ እኔ በእጄ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው ያለኝ። ሎግ ምናምን አላውቅም።

አባቴ፣ ሎግ አያስፈልግዎትም። ስፋቱ 1.2 ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት 1,130 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ሲቀዱ መጀመሪያ የሚያወጡት የተጠራቀመውን ነው። ማታ በደንብ ቀድተው ውሃው የደረሰበትን ለማወቅ ገመድ ላይ ቋጠሮ ያስሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ስንት ከፍ እንዳለ ይለኩ። 40 ሴንቲ ከመጣ በሰዓት 450 ሊትር ያህል ያመጣል። በዚያ ልክ ያጠጡ።

ከእንጅባራ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መስከረም ላይ ማንኛውም ጉድጓድ ደግ ይመስላል። ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ። ነዳጁንም ለመሳቡ ብቻ ሳይሆን ውሃው ሲመለስ ለሚያድረው ሰው ሻይ ጨምራችሁ አስቡት።