በመዳፍ ሲጫኑት ጧ የሚለው ቱቦ መጭመቂያ ውስጥ ለምን ይቀደዳል?

ከማራኪ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ችግርህ ይህ ነው፦ በካሬ ሜትር 250 ግራም ከሚመዝን ወረቀት ያጠፍከው ባለ6 ጎን የክሬስሊንግ ቱቦ (ጎኖቹ በሰያፍ እጥፋት ሦስት ማዕዘን የተከፈሉ፣ እየተጠማዘዘ የሚገባ ቱቦ) በመዳፍህ ስትጫነው ጧ ብሎ ይገባል፤ ኃይሉን ለመለካት በሠራኸው የቡሎን መጭመቂያ ውስጥ ግን ኃይሉ ዝም ብሎ ይጨምርና ጥጎቹ ይቀደዳሉ።

ወረቀቱን አትጠርጥር። መዳፍህ ሥር ቱቦው እየዞረ ነበር፤ መጭመቂያህ ላይና ታቹን ቀርቅሮ ይዞታል።

የታጠበ ነጠላ ሲጠመዘዝ እንደሚያጥር ሁሉ ክሬስሊንግም ሳይዞር አያጥርም። ሰያፍ እጥፋቶቹን ዘንበል ብለው የቆሙ እንጨቶች አድርገህ ያዛቸው። ርዝመታቸው ያው ነው፤ ጣሪያው ዝቅ እንዲል መተኛት አለባቸው፤ ሲተኙ ደግሞ ጣሪያውን ይዘው ይዞራሉ። ቱቦው ቆሞም ተኝቶም ያርፋል፤ መሀል ላይ ግን ሦስት ማዕዘኖቹ በጥቂቱ መወጠር ግድ ይሆንባቸዋል። አንተ የምትፈልገው የኃይል ጫፍ፣ ማለትም ቱቦው ጧ ከማለቱ በፊት ኃይሉ የሚደርስበት ከፍታ፣ የሚመጣው ከዚያ ውጥረት ነው። ዙሩን ከከለከልከው የምትለካው የወረቀት መቀደድን ብቻ ነው።

ስለዚህ የቱቦው ላይኛ ጫፍ እንዲዞር፣ 51100 ቁጥር ያላቸው ሁለት የግፊት ኩሽኔታዎች (በቡሎኑ አቅጣጫ የሚመጣ ጫና ተሸክመው የሚዞሩ) ግዛ፤ የውስጥ ቀዳዳቸው 10 ሚሊ ነው። አራዳ ሻጩ የመኪና ጎማ ኩሽኔታ «ያው ነው» ቢልህ አትስማው። በጣት ስታዞረው የሚንኳኳውንም መልስለት። ከኮንፔንሳቶ 4 ሴንቲ ቁመት ያለው፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ሳጥን ሥራ። ጣሪያውን በ12 ሚሊ ብሳ፤ 10 ሚሊውን ቡሎን አሳልፈህ አንዱን ኩሽኔታ ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርግና ዳዶ በዳዶ ቆልፍ። ቱቦው ከሳጥኑ ሥር ይጣበቃል። ዳዶው ቱቦው ውስጥ ከገባ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ወረቀት ይጋጨዋል። ሳጥኑን በጣት ስትገፋው ያለ ችግር መዞር አለበት።

ጧ ሲል ፊትህ ከቱቦው ትይዩ አይሁን፤ መነጽር አድርግ።

ከመጭመቂያው ታች ሚዛን አድርግ፤ ሚዛኑ ላይ 2 ኪሎ ብረት አስቀምጥ፣ ቱቦውን እዚያ ላይ አጣብቅ። ንባቡ ከ2 ኪሎ ሲወርድ ቱቦው ራሱ እየጎተተ ነው ማለት ነው። ርካሽ የኩሽና ሚዛን በመሀል ጠፍቶ ሲነሳ ከዜሮ ስለሚጀምር ልኬቱን ያበላሽብሃል። የ10 ሚሊ ቡሎን መደበኛ ፊሌቶ በአንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሊ ይሄዳል፤ በየሩብ ዙሩ 0.375 ሚሊ ይወርዳልና እዚያው መዝግብ።

የተቀደደውን በፕላስተር ለጥፈህ መልሰህ ሞክረሃል፤ ጣለው። ፕላስተር የነካው እጥፋት ሌላ እጥፋት ነው። አዲሱን በእጅ 10 ጊዜ አጥፈህ ዘርጋው፣ ከዚያ ለካ። ሐምሌና ነሐሴ ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ የክረምቱን ውጤት ከበጋው ጋር አታወዳድር።

ቀጥሎ በቀጭን ላሜራ እሠራለሁ ብለሃል። መነጽሩን ደግሜ እላለሁ፤ ጣትህንም በሳጥኑና በብረቱ መሀል አታስገባ፣ ላሜራው ሲገባ ይቆርጣል።