ከእንጨት ጉበት ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የጉበት ሕመምተኛ ነው። «ሳይንቲስቶች ከዕፅዋት ጉበት ማብቀል ጀመሩ» የሚል ዜና ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት ነው? ጄል የሚሉት ነገርስ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል?
ወንድሟን አስታማሚ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ርእስ ያወጣው ሰው ትንሽ ቢያፍር አልጠላም። ከዕፅዋት ጉበት አይበቅልም። የሚያድጉት የሰው የጉበት ሕዋሳት ናቸው፤ ዕፅዋቱ የሚያዋጡት መኝታውን ብቻ ነው።

መኝታው ግን ቀላል ነገር አይደለም። የምውለው ከእነዚህ ሕዋሳት ጋር ስለሆነ ጠባያቸውን አውቃለሁ። ከጉበት ወጥተው በፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲቀመጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይንጣለላሉ፤ አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ማምረታቸው ይቀንሳል፣ መድኃኒት የሚሰባብሩት ኢንዛይሞቻቸውም እየከሰሙ ይሄዳሉ። በሕይወት አሉ፤ የጉበት ሥራ ግን ትተዋል። ምን ያድርጉ? የጤናማ ጉበት ጥንካሬ ጥቂት ኪሎፓስካል ሲሆን የሳህኑ ፕላስቲክ ከዚያ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይጠነክራል።

ስለዚህ ለስላሳ ጄል፣ ማለትም ውኃ አቅፎ የረጋ ነገር፣ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ስንገለገልበት የኖርነው ከአይጥ የካንሰር ዕጢ የሚወጣውን ነው። ሕዋሳቱ ይወዱታል። እኔ ግን አላምነውም፤ የራሱን ፕሮቲኖችና የእድገት ቅመሞች ይዞ ስለሚመጣ፣ ይዘቱም ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ ያየሁት ለውጥ የሕዋሱ ይሁን የጄሉ ለማወቅ እቸገራለሁ። ከአይጥ ካንሰር በወጣ ነገር ውስጥ ያደገን ሕዋስ በሰው ሆድ ውስጥ ማኖርም የሚታሰብ አይደለም።

የእንጨት ሴሉሎስ (የዕፅዋት አካል የሚገነባበት ቃጫ) ትልቁ ጸጋው ለሕዋሱ ምንም የማይነግረው መሆኑ ነው። የዛፍ ቃጫ እጅግ እስኪደቅ ተፈትቶ ከውኃ ጋር ሲሆን፣ ቃጫው ከመቶው እጅ አንዱን እንኳ ሳይሞላ ቀሪውን ውኃ አቅፎ ይረጋል። በ2012 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጉበት ሕዋሳት በዚህ ጄል ውስጥ ተሰባስበው ድቡልቡል እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ጄሉ ሲገፉት ይፈሳል፣ ሲተዉት ይረጋል፤ በፒፔት (በላብራቶሪ መምጠጫ) ሲስቡት የቸኮሉ እንደሆነ አየር ይገባበታል፣ የገባው አረፋም እንደ ግትር እንግዳ አልወጣም ይላል። ሥራው ሲያልቅ ሴሉሎስን የሚቆርጥ ኢንዛይም እንጨምራለን። የሰው ሕዋስ ሴሉሎስ ስለሌለው ጄሉ ሟሙቶ ድቡልቡሎቹ ደኅና ሆነው ይቀራሉ። ከአይጡ ጄል ግን እንዲህ ደኅና አድርጎ ማውጣት እንደሚያስቸግር የሞከሩት ያውቁታል።

ሌላው ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ነው (ጠበብቱ አረሙን ከዕፅዋት አይቆጥሩትም፣ ይቅር ይበሉን)። ሕዋስ የያዘው ጠብታ ካልሲየም ወዳለበት ፈሳሽ ሲወድቅ ወዲያው ዶቃ ይሆናል። በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪሞች በድንገት ጉበታቸው ሥራ ያቆመ 8 ሕፃናት ሆድ ውስጥ የጉበት ሕዋስ ያቀፉ እንዲህ ያሉ ዶቃዎችን ጨምረው ነበር፤ 4ቱ ንቅለ ተከላ ሳያስፈልጋቸው መትረፋቸውን በ2020 አሳትመዋል። ዶቃው ግን የልጁ የራሱ ጉበት እስኪያገግም ጊዜ የሚገዛ እንጂ አዲስ ጉበት አይደለም።

ሙሉ ጉበት ለምን አልተሠራም? የአዋቂ ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ኦክስጅን ደግሞ ያለ ደም ሥር ከሚሊ ሜትር ሽራፊ በላይ ዘልቆ አይደርስም፤ ድቡልቡሉ ሲገዝፍ መሐሉ ይሞታል። የሐሞት መውረጃውም ሌላ ጣጣ ነው። ለአሁኑ የድቡልቡሎቹ ዋና ሥራ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት ጉበት ይጎዳ እንደሆነ መፈተሽ ነው።

ለወንድምዎ የሚሆነውን የሚያውቀው የሚከታተለው ሐኪም ነው፤ የጉበቱ ጉዳት ምን ደረጃ ላይ እንደ ሆነና ንቅለ ተከላ ይታሰብለት እንደሆነ ይጠይቁት። «ለጉበት የሚሆን የዕፅዋት ጄል» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ቢመጣ ግን አይግዙ። ሴሉሎስ ቢዋጥ ሆድ ሳይፈጨው በመጣበት መንገድ ያልፋል፤ ጉበት ዘንድ አይደርስም።